እዚህ ስንት ዓመትሽ ነው፣ በታጋሎግ

አሶሳ አዲስ የመጣ ሰው ስሙን ከመጠየቁ በፊት ዓመቱን ይጠየቃል። ዕድሜውን ማለቴ አይደለም፤ ዕድሜው የራሱ ጉዳይ ነው። «እዚህ ስንት ዓመትህ ነው?» ይባላል። መልሱ እንደ ማዕረግ ነው። ሦስት ዓመት ያለ ሰው ለቅሶ ቤት በሩ ጋ ይቀመጣል፣ ሃያ ዓመት ያለ መሐል ይገባል፣ ሠላሳን ያለፈው ደግሞ ሌላውን እያስነሣ ይቀመጣል። ስለዚህ በሰፈራችን ስለ ደመወዙ፣ ስለ በሽታው፣ ሌላው ቀርቶ ስለ ሚስቱ እውነቱን የሚናገር ሰው ብትፈልጉ ታገኛላችሁ። እዚህ ስለኖረበት ዘመን እውነቱን የሚናገር ግን እኔ ብቻ ነኝ። ወዳጅ ያጣሁትም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሰፋሪው ይጨምራል። ወላጆቹ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡበትን ዘመን አንስቶ እያንዳንዱን ዝናብ ሁለቴ ይቆጥረዋል። ተመድቦ የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ይቀንሳል። እሱ መቼም ኖሬያለሁ አይልም፤ «ለጊዜው ነው» ነው የሚለው፤ ዝውውር እየጠበቀ ነው። የጎረቤቴን የመምህር ፈቃዱን ቤት ያያችሁ እንደሆነ የምለው ይገባችኋል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከመጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እዚሁ አገባ፣ እዚሁ ሁለት ልጅ ወለደ፣ ልጆቹ ከአገሬው ከበርታ ልጆች ጋር ሲጫወቱ ቋንቋቸውን ከአማርኛ አስቀድመው ለቅመዋል። ፍራሹ ግን እስከ ዛሬ ከላስቲኩ አልወጣም። ሲገላበጥ የሚሰማው ኮሽታ አጥር ዘሎ እኔ ቤት ይደርሳል። ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ማንጎ ሲተክል እሱ አልተከለም፤ የተከለ ሰው ዝውውር አይደርሰውም ብሎ ያምናል። ይህን የሚያምነው የፊዚክስ መምህር ነው።

በርታዎቹ ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም። ሼህ ኢድሪስን አንድ አዲስ የመጣ የግብርና ባለሙያ «እዚህ ስንት ዓመትዎ ነው?» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ቀና ብለው አዩትና «እኔ አልመጣም። ከተማ ነው የመጣው፣ እኔ ጋ» አሉት። ልጁ ይህን እንደ ቀልድ ወስዶ ሳቀ። ቀልድ አልነበረም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በግቢዬ ውስጥ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ማሪሴል የምትባል የፊሊፒንስ ሰው ተከራይታ ትኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ታስተምራለች። ስትመጣ ሰፈሩ አንድ ዓመት ሙሉ ቻይና ሲላት ከረመ። ፊሊፒንስ ሌላ አገር ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር «ያው ነው፣ መንገዱን መቼ ትጨርሳለች?» አሉኝ። እሷ ግን ማንንም አልተቀየመችም። እኔን «አቴ» ነው የምትለኝ፤ በእነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው። ከሥራ ስንመለስ በረንዳ ላይ ሁለት ወንበር አውጥተን እሷ መጽሐፏን እኔም መጽሐፌን ይዘን እንቀመጣለን፤ ሁለታችንም ምንም አንናገርም። እንዲህ ዓይነት ሰው የማግኘትን ዋጋ የሚያውቀው በዚህ ሰፈር የኖረ ብቻ ነው። እዚህ ዝም ያለ ሰው ሲያዩ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ሦስት ሆነው ይመጣሉ።

አንድ ቀን መጽሐፏን አጠፈችና «አቴ፣ እናቴ ይመጣል» አለችኝ።

«ትመጣለች» አልኳት። ማረም ልማዴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን አስተኝቼ እየሄድኩ በማታ ክፍል ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን ሲያበላሹበት አይወድም።

«ይመጣል፤ ከዚያ እኔን ይወስዳል» አለች። እዚህ ላይ ማረሙን ተውኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሪሴል እናት በአገራቸው ዓሣ ነጋዴ ነበሩ፤ አሁን አርጅተዋል። የሚኖሩበት መንገድ ግራና ቀኝ ያለው ቤት ሁሉ ባዶውን ቀርቷል፤ ሴቱ ዓረብ አገር፣ ወንዱ መርከብ ላይ። ሁሉም ሲሄዱ እመለሳለሁ ብለው ነበር። እናትየው ከዚህ ተነስተው ቦታን የሚመዝኑት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ይቆይበታል ወይስ አይቆይበትም። ልጃቸው ያለችበትን አገር በዓይናቸው ሊያዩ ቆርጠዋል። ያገኙትን ሰው ሁሉ እዚህ ስንት ጊዜ ኖርክ ብለው ይጠይቃሉ። ሰው የሚቆይበት ቦታ ከሆነ ልጃቸውን ትተው ይመለሳሉ። ካልሆነ ይዘዋት ይሄዳሉ።

«እምቢ በያቸዋ» አልኳት።

«እናቴን?» አለች፤ አባቷን ግደይ ያልኳት ይመስል አየችኝ። «አልችልም። ካለች እሄዳለሁ።»

ያን ቀን ከሁለታችን አንዳችንም መጽሐፋችንን መልሰን አልገለጥንም። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ጥያቄውንና መልሱን በታጋሎግ፣ ማለት በቋንቋቸው፣ እኔ አጠናለሁ፤ እናትየው ሲጠይቁኝ ያለ አስተርጓሚ በቀጥታ እመልሳለሁ። አንድ የረጋ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው በገዛ ቋንቋቸው ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ ካላቸው ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ነገሩ በሁለታችን መካከል እንዲቀር ነበር። በበነጋታው ማለዳ የመምህር ፈቃዱ ሚስት ጫልቱ እሳት ልትጭር መጥታ በረንዳው ላይ «ዳላዋምፑት ታትሎንግ ታዎን ና ፖ አኮንግ ናካቲራ ዲቶ» እያልኩ ስመላለስ አገኘችኝ።

«ያ ዋቃ! እትዬ፣ ምን ለከፈሽ?»

ጸበል ሊወስዱኝ ሲዘጋጁ ከማይ እውነቱን ነገርኳት። ይህ ነበር ጥፋቱ። ጫልቱ የነገሯትን አትደብቅም፤ ትዘራዋለች እንጂ። ከሰዓት በኋላ የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሞላልኝ በራፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

አቶ ሞላልኝን ላስተዋውቃችሁ። ወላጆቻቸው በሰፈራው ዘመን ሲመጡ እሳቸው የሁለት ዓመት ሕፃን ሆነው በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነው የገቡት። ከገቡ ዘንድሮ አርባ ዓመታቸው ነው። እህል ይነግዳሉ፤ ስብሰባ ይወዳሉ። ለመሰብሰብ ሰው እስኪሞት የማይታገሡ ሊቀ መንበር ናቸው።

«እህቴ፣ ይሄ የግል ጉዳይ አይደለም» አሉኝ። «የክልሉ ገጽታ ነው። ሴትዮዋ አንቺን ብቻ ጠይቀው አይመለሱም። ሁሉም አባል ሊሠለጥን ይገባል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። በቋንቋቸው። ድንኳን እናቆማለን።»

እንግዲህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ በእድሩ ግቢ ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የታጋሎግ ትምህርት ተጀመረ። ማሪሴል ሰሌዳ አጠገብ ቆመች። ጥያቄውን አስጠናቻቸው፤ ከዚያ «ይሄን ያህል ዓመት ኖሬያለሁ» የሚለውን፤ ከዚያ «ፖ» የምትባለዋን ቃል። ይቺ ቃል የአክብሮት ናት፤ ለታላቅ ሰው ሲናገሩ ይሰኳታል። ለእኔ ከቋንቋው ሁሉ የተመቸችኝ እሷ ናት፤ አንድ ፊደል ወርውረው አንቱ ማለት! የእድሩ አባላት ግን ስትጥማቸው ጊዜ በየቃሉ ኋላ ይከምሯት ጀመር። ግቢው ውስጥ ፖ፣ ፖ፣ ፖ ሆነ። ውሻው ተነስቶ ወጣ።

ሼህ ኢድሪስ በትራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ተራቸው ሲደርስ ማሪሴል «ስንት ዓመት እንበል፣ አባባ?» አለቻቸው።

«ወላሂ፣ ዓመት የለም። እኔ እዚህ ተወለደ፣ አባቴ እዚህ ተወለደ፣ አባቱም።»

«እንግዲያው ‹ዲቶ ፖ አኮ ኢፒናንጋናክ› ይበሉ። እዚህ ነው የተወለድኩት ማለት ነው።»

«ረጅም ነው። ዲቶ ይበቃል» አሉና በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ዲቶ!» እዚህ፣ ማለት ነው። እስካሁን ሳስበው ከሁላችን መልስ የእሳቸው ይሻላል።

መምህር ፈቃዱ ኋላ ወንበር ላይ ጋዜጣ ዘርግቷል። ሚስቱ በክርኗ ስትጎስመው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ።

«‹ለጊዜው ነው› በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?»

«ፓንሳማንታላ ላንግ ፖ» አለች ማሪሴል፣ ፊቷ ትንሽ ደንገጥ ብሎ።

«እሱ ይበቃኛል» አለና ጋዜጣው ውስጥ ገባ።

«አሥራ ሁለት ዓመት በል እንጂ!» አለች ጫልቱ።

«ዝውውሬ በሂደት ላይ ነው። የሌለኝን ነዋሪነት አልመሰክርም።»

ይህን ሁሉ እታገሥ ነበር። ነገሩ የተበላሸው አቶ ሞላልኝ ሲነሱ ነው። ሁሉም ቁጥሩን አጥንቶ ጨርሷል፤ ሻይ እየተቀዳ ነው። አቶ ሞላልኝ ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ትልቅ ስሕተት እየሠራን ነው። እነዚህ ቁጥሮች በማን አቆጣጠር ናቸው?»

የሻይ ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ።

«በእኛ!» አሉ። «በኢትዮጵያ አቆጣጠር! የእንግዳችን አገር ደግሞ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ፈረንጅ በስምንት ዓመት ይቀድመናል። ማሪሴል እዚህ የኖረችው በእኛ ሰባት ዓመት ነው። በፈረንጅ ስንት ይሆናል?»

«አሥራ አምስት!» አለ ሕዝቡ፣ በአንድ ድምፅ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ብድግ አልኩ። እኔ ስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። «አቶ ሞላልኝ፣ የሚለየው የዘመኑ ቁጥር ነው እንጂ የጊዜው ርዝመት አይደለም። ልጅዎ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በፈረንጅ ሃያ አራት ሊሆናት ነው?»

አቶ ሞላልኝ ፈገግ አሉ፤ አላዋቂ ላይ የሚያዝን ፈገግታ። «ለዚህ እኮ ነው እህቴ፣ ፈረንጅ ቶሎ የሚያረጀው።»

ሰው አጨበጨበ። ማሪሴልን አየኋት፤ የሒሳብ መምህርቷ ጠመኔዋን ይዛ ፈዝዛለች። «ሰባት ሰባት ነው» ስትል ሰማሁ፤ በቀስታ፣ ለራሷ። አቶ ሞላልኝም ሰሟት። «አንቺ ያስተማሩሽ ሒሳብ የንጹሑ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ይሄ የዘመን ሒሳብ ነው፤ ሌላ ነው።» ከዚያ በየወንበሩ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው ስምንት ስምንት አደሉ፤ እርዳታ እህል የሚያድሉ ነበር የሚመስሉት። በሦስት ዓመቷ ከቤጊ የመጣችው ጫልቱ፣ ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ነዋሪ ሆነች። አቶ ሞላልኝ ራሳቸው አርባ ስምንት ደረሳቸው። «ከመወለድዎ ስድስት ዓመት አስቀድመው ገብተዋል ማለት ነው» ብላቸው «ቀልዱን ተይው» አሉኝ። ሼህ ኢድሪስ ጋ ሲደርሱ ግን ስምንቱን የሚደምሩበት አጡና ትንሽ አሰቡ። «ለእርስዎ ይቆይ» ብለው አለፉ።

እናትየው ረቡዕ ዕለት በአውሮፕላን ገቡ። ትንሽዬ፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ የማይለያቸው ሴት ናቸው፤ ናናይ እንላቸዋለን፣ እናት ማለት ነው። ዓይናቸው የዓሣ ነጋዴ ዓይን ነው፤ አንድ ጊዜ አይተው ያደረውን ከዛሬው ይለያሉ። ልጃቸውን አቅፈው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ክፍሏን አዩ፣ ቆርቆሮውን አዩ፣ አጥሩን አዩ። ገና አልፈረዱም።

ከሰዓት በኋላ በእድሩ ግቢ አቀባበሉ ሆነ። ድንኳን ቆሟል፣ ገንፎው በባምያ ወጥ ቀርቧል፣ የማንጎ ጭማቂው በባልዲ ነው። ናናይ ተቀመጡ፤ ገንፎውን ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና በአቶ ሞላልኝ ጀመሩ።

«ጋአኖ ና ካዮ ካታጋል ናካቲራ ዲቶ?»

አቶ ሞላልኝ ቀጥ ብለው ቆመው አርባ ስምንታቸውን ለቀቁት። ናናይ ከላይ እስከ ታች አይዋቸው። አንድም ሽበት የለም። ወደ ልጃቸው ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ።

«ስንት ዓመትዎ ነው ትላለች» አለች ማሪሴል፣ መሬት መሬት እያየች።

«አርባ ሁለት» አሉ አቶ ሞላልኝ፣ በኩራት።

ናናይ ሌላ አልጠየቁም፤ ወደ ጫልቱ አለፉ። ሠላሳ ስድስት ዓመት። ዕድሜስ? ሠላሳ አንድ። ቀጥለው አናጢውን፣ ቀጥለው የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ፣ ቀጥለው ገና አምና ከባምባሲ የመጣችውን ሙሽራ ጠየቁ፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ ስትል ባሏ «ታዎን፣ ታዎን»፣ ዓመት ዓመት፣ እያለ ከኋላ ያስታውሳታል። ናናይ አንድ አንዱን ሲሰሙ ከንፈራቸው እየጠበበ ሄደ። ሼህ ኢድሪስ «ዲቶ!» ብለው በትራቸውን ሲመቱ ብቻ ትንሽ ከንፈራቸው ፈታ አለ። ያኔ አቶ ሞላልኝ መሐል ገብተው የዕለቱን ንግግር አደረጉ። «ላቢንሊማንግ ታዎን ና ፖ ሲያንግ ናካቲራ ዲቶ!» አሉና ማሪሴልን በእጃቸው አመለከቱ። ልጅዎ አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ኖራለች ማለት ነው። ጭብጨባ ሆነ።

ናናይ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

ያሉትን ማሪሴል ቆይታ ተረጎመችልኝ። «የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ይቺ ልጅ ቤቴ ውስጥ ሰሐን ታጥብ ነበር» ነው ያሉት።

አሁን የእኔ ተራ ነው አልኩ በልቤ። ይህን ጉድ የሚያስተካክል አንድ የረጋ ሰው ያስፈልጋል። ወደ ፊት ወጣሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ፖ የምትገባበትን ቦታ ሳልስት፣ ድምፁን ሳልሰብር «ዳላዋምፑት ታትሎንግ ታዎን ና ፖ አኮንግ ናካቲራ ዲቶ» አልኳቸው። ሃያ ሦስት ዓመት፤ ያልተደመረበት፣ ያልተቀነሰበት። ማሪሴል ራሷ ከዚህ አሳምራ አትለውም።

ናናይ ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝና ለልጃቸው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«አቴ…»

«ንገሪኝ።»

«‹ይቺ ደግሞ ከሁሉም በላይ ተለማምዳለች› አለች።»

እንግዲህ ሃያ ሦስት ዓመት እውነት ስናገር ኖሬ ውሸታም የተባልኩት እውነቱን አሳምሬ ስናገር ነው። እዚህ ላይ አቶ ሞላልኝ ፈገግ ሲሉ አይቻቸዋለሁ፤ አልረሳላቸውም።

«ማግ-ኢምፓኬ ካ ና» አሉ ናናይ። ይህን ማንም አልተረጎመልኝም፤ ማሪሴል ፊት ላይ ነበር። ሻንጣሽን ሸክፊ።

«ለምን?» አልኩ። «ምክንያታቸውን ይንገሩኝ።»

ነገሩ ግልጽ ነው አሉ፣ በማሪሴል አፍ። አንድ ሰው ቢዋሽ የራሱ አመል ነው፤ ሰፈር ሙሉ ተጠንቶ አንድ ዓይነት ውሸት ሲዋሽ ግን የሚደብቀው ነገር አለ። ሰው እዚህ ቦታ ላይ አይቆይም፤ ስለማይቆይ ነው የሚጨምሩት።

የዘመን አቆጣጠሩን ላስረዳቸው ሞከርኩ። እኔ እየተናገርኩ ማሪሴል እየተረጎመች፣ እንዴት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆንን፣ እንዴት ሊቀ መንበሩ ያንን ደምረው እንዳደሉት አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ናናይ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ልጃቸውን እያዩ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ማሪሴል ልትተረጉመው አልፈለገችም፤ አስገደድኳት።

«‹እዚህ ያመጡሽ ሒሳብ እንድታስተምሪ አልነበረም? ሰባት ዓመት አስተምረሽ ይሄ ነው ያመጣሽው ውጤት?› አለች።»

አቶ ሞላልኝን ዞሬ አየኋቸው። ጭማቂ እየጠጡ ነው።

ማሪሴል ወደ ቤት መሄድ ጀመረች። አላለቀሰችም፤ አልተከራከረችም። ናናይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተከተሏት። እድርተኛው በሙሉ ጭማቂውን እንደያዘ ቀረ፤ ሴትዮዋ ለምን እንደተቆጡ ከሁሉም አንዱ እንኳን አልገባውም። «ቁጥሩ አንሶባቸው ይሆን?» ሲሉ ሰማሁ አቶ ሞላልኝ።

መምህር ፈቃዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ዘግይቶ፣ ሁለቱን ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ። በሩ ላይ ከናናይ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠሙ። ናናይ ሊያልፉት ነበር፤ ግን ልማድ ነውና አፋቸው ቀደማቸው።

«ጋአኖ ና ካዮ ካታጋል ናካቲራ ዲቶ?»

«ፓንሳማንታላ ላንግ ፖ» አለ መምህሩ፣ ትሕትና ባለው ድምፅ።

ናናይ ቀጥ አሉ። ልጆቹን አዩ። ትልቋ አሥር ዓመቷ ነው።

«ለጊዜው?» አለች ጫልቱ ከኋላዬ። መቼ እንደመጣች አላየኋትም፤ የገንፎ ማማሰያውን እንደያዘች ነው። «ለጊዜው ነው ያገባኸኝ? ለጊዜው ነው እነዚህን የወለድካቸው?»

«ጫልቱ፣ እንግዳ ፊት…»

«እንግዳ ነው የፈለግኩት! ሰው ይስማኝ። ከተጋባን ጀምሮ ላስቲክ ላይ ተኛሁ! ስገላበጥ ሰፈር ይነቃል። ንገራት! አሁን ንገራት!»

መምህር ፈቃዱ ዙሪያውን አየ። ሰፈሩ ሁሉ እያየው ነው። ትንሹ ልጁ ሱሪውን ይጎትተዋል። ፊቱ ቀላ፤ ግንባሩ ላብ አወጣ። ይህ ሰው ክፍል ውስጥ ስድሳ ተማሪ ፊት ሳይንተባተብ የሚያስተምር ሰው ነው።

«ላቢንዳላዋንግ ታዎን» አለ ቀስ ብሎ። ለካ ከጋዜጣው ኋላ ሲያጠና ነበር። «ላቢንዳላዋንግ ታዎን ና ፖ…» «አሥራ ሁለት ዓመት» አለ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን። «አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ እኮ።»

ናናይ ጃንጥላቸውን አጠፉ።

ልጃቸውን ጠርተው ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ማሪሴልም ተራ በተራ፣ እየቆመች ተረጎመችው። መጀመሪያ ይህ ሰው እውነቱን ነው አሉ፤ ሰው የሚያፍርበትን ቁጥር አይዋሽም። ቀጥለው ለምን ለጊዜው ይላል ብለው ጠየቁ። ጫልቱ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ፍራሹና ስላልተተከለው ማንጎ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መምህሩ ራሱን ቀብሮ ቆሟል። ናናይ ሲሰሙ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«‹በእኔ መንገድ›» አለች ማሪሴል፣ የእናቷን ቃል እየተከተለች፣ «‹በእኔ መንገድ ሁሉም ፓንሳማንታላ ላንግ ብለው ሄዱ። ለጊዜው ብለው። አንድም ሰው አልተመለሰም። አንቺም እንደዚያው ብለሽኝ ነው የሄድሽው።›» እዚህ ላይ ማሪሴል ትንሽ ቆመች። «‹ይሄ ሰው ግን ለጊዜው እያለ አሥራ ሁለት ዓመት አልሄደም። ሰው ሊሄድ ብሎ መሄድ ያቃተው ቦታ እስከ ዛሬ አላየሁም።›»

ከዚያ ናናይ ተመልሰው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡና ጭማቂ ጠየቁ።

አቶ ሞላልኝ እስካሁን ድረስ ሴትዮዋን ያሳመኗቸው በስምንቷ ዓመት እንደሆነ ነው የሚናገሩት። እድሩም እንዲሁ ነው የሚያምነው። አላርመውም፤ ለዚህ ሕዝብ የሚበቃውን ያህል አርሜያለሁ።

ናናይ ሁለት ሳምንት ከርመው ብቻቸውን ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ሼህ ኢድሪስ ጋ ሄደው ሰላም አሏቸው፤ ሁለቱም በማይግባቡበት ቋንቋ ከሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ። እኔንም አቀፉኝ። «ሲኑንጋሊንግ» እያሉ ነው ያቀፉኝ፣ ውሸታም ማለታቸው ነው፤ ግን አጥብቀው አቀፉኝ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ከሸኘናቸው በኋላ ባጃጅ ይዘን ተመለስንና በረንዳ ላይ ሁለቱን ወንበር አወጣን። ማሪሴል መጽሐፏን ከፈተች፤ ገጽ አልገለጠችም። እኔም አልገለጥኩም።

«አቴ» አለች ቆይታ፣ «እኔ ከእናቴ ጋር ሄጄ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

«ክፍሉን አከራየው ነበር» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሚከራይ ሰው። ፈላጊ ሞልቷል። ጸጥተኛ ሰው ፈልጌ አስገባ ነበር።»

እንደ እናቷ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ መጽሐፏ ላይ አቀርቅራ «ሲኑንጋሊንግ» አለች።

ይህን ቃል አላስተማረችኝም ነበር። ምን ማለት እንደሆነም አልጠየቅኳት።